ነጥቡ እስከ በሩ ያደርሳል፤ ከበሩ ወዲያ የሚጠየቀው ሰውየው ነው

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በሚወጣበት ሰሞን በሐወሊም ሆነ በሳልሚያ፣ በፈርዋኒያም ሆነ በፋሃሂል በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ የሚደጋገመው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት አመጣ?»። ወላጅ ይጠይቃል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ከወሎ፣ ከጅማና ከአዲስ አበባ የሚደውል ዘመድ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ያለ ነጥብ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት በር መቅረብ አይቻልምና። ይሁን እንጂ ነጥቡ የሚያደርሰው እስከ በሩ ድረስ ነው። በብዙ አገሮች ከበሩ ወዲያ አመልካቹን የሚጠብቀው ሌላ ፈተና አለ፤ ወረቀትና እርሳስ የሌለው፣ ትክክለኛ መልሱ በመጽሐፍ ያልተጻፈ፣ በጥቂት ደቂቃዎች የሚያልቅ ፈተና። እርሱም ቃለ መጠይቅ ነው።

ስለዚህ ፈተና በማኅበረሰባችን መካከል የሚነገረው ጥቂት ነው። የሚነገረውም ቢሆን በአብዛኛው «በደንብ ተናገር፣ አትፍራ» ከሚል ምክር አያልፍም። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ልጆቻችን በቃለ መጠይቅ የሚሰናከሉት አንደበታቸው ስለሚተሳሰር ብቻ አይደለም። ይልቁንም ራሳቸውን ከበሩ ውጭ ትተው፣ በምትኩ የተሸመደደ ንግግር ይዘው ስለሚገቡ ነው። ጠያቂዎቹ ሊያገኙት የሚፈልጉት ደግሞ በውጭ የቀረውን ሰው ነው።

ለምን እንግዳ ሆነብን?

በአገራችን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሕክምና ለማጥናት የሚመደበው ተማሪ በአመዛኙ የሚለየው በብሔራዊ ፈተና ውጤቱ ነው። ስለዚህ ሕዝባችን ስለ ነጥብ ያለው ስሜት ጥልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ተሰጥቶ፣ ከተፈታኞቹ መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው በተገለጸ ጊዜ የደረሰው ድንጋጤ ይህንኑ ያሳያል። ነጥብ የእያንዳንዱ ቤት ጉዳይ ነው። የሕክምና ተማሪ ለመሆን ከሦስት ሰዎች ፊት ተቀምጦ «አንተ ማን ነህ? ይህን ሙያ ለምን መረጥህ?» የሚል ጥያቄ መመለስ ግን አብዛኞቹ ወላጆች ያላዩት፣ አብዛኞቹ መምህራንም ያላለፉበት ነገር ነው።

በኩዌት ያለው ሁኔታ ነገሩን ያከብደዋል። የኩዌት ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። የሕክምና ፋኩልቲው በ1973 በአሚሩ ድንጋጌ ተቋቁሞ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች በ1976 ተቀበለ። ዛሬ በጃብሪያ ከሙባረክ አል-ከቢር ሆስፒታል አጠገብ የሚገኘው ይህ ተቋም በእንግሊዝኛ የሚያስተምርና በአካባቢው የተከበረ ነው። ነገር ግን ለኩዌት ዜጎች የታለመ በመሆኑ ለውጭ አገር ተወላጆች የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው። በዚህም ምክንያት እዚህ ተወልደው ወይም እዚህ አድገው ሐኪም መሆን የሚመኙ የኢትዮጵያውያን ልጆች ዓይናቸውን ወደ ሌላ አገር ለማቅናት ይገደዳሉ። አንዱ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፣ ሌላው ወደ ካይሮ ወይም ወደ ባሕሬን ያመለክታል፣ አቅም ያለው ወይም የትምህርት ዕድል ያገኘ ደግሞ ወደ አየርላንድና ወደ እንግሊዝ ያስባል። በእንግሊዝ ያለ ቃለ መጠይቅ የሚቀበል የሕክምና ትምህርት ቤት እምብዛም አይገኝም። እናም አንድ ወጣት በፈርዋኒያ ባለች ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ታናናሾቹ ዝም እንዲሉ ተለምነው፣ የማቀዝቀዣው ድምፅ እንዳይረብሽ ጠፍቶ፣ በስክሪን በኩል ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሕይወቱን የሚወስን ንግግር ያደርጋል።

ከበሩ ወዲያ ምን አለ?

ቃለ መጠይቁ በሁለት መልክ ይቀርባል። የቀድሞው መልክ ሁለት ወይም ሦስት ጠያቂዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አመልካቹን ለግማሽ ሰዓት ያህል የሚያነጋግሩበት ነው። አዲሱ መልክ የተወለደው በካናዳ በማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሟል። በዚያ ጥናት 117 አመልካቾች በ10 ጣቢያዎች እየተዘዋወሩ ተፈትነዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። አመልካቹ ከአንድ ክፍል በር ላይ የተለጠፈ አጭር ጽሑፍ ያነባል፤ ለማሰብ ሁለት ደቂቃ ያህል ይሰጠዋል፤ ከዚያም ገብቶ ለስምንት ደቂቃ ያህል ይነጋገራል። ደወል ሲደወል ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል። እዚያ ሌላ ጠያቂ፣ ሌላ ጉዳይ ይጠብቀዋል። በአንዱ ክፍል የተበላሸ ነገር በሌላው ሊካስ ይችላል፤ ሁለተኛው ጠያቂ የመጀመሪያውን ክፍል አላየምና።

በየክፍሉ የሚቀርበው ጉዳይ ምን ይመስላል? ለአካባቢያችን አንባቢ የሚቀርብ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በክፍሉ ውስጥ የስኳር ሕመምተኛ ሆና የምትተውን ሴት ተቀምጣለች። ረመዷን ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ሐኪሟ መጾም ለሕይወቷ አደገኛ እንደሆነ ነግሯታል፤ እርሷ ግን «ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልፈታሁም፣ ዘንድሮም አልፈታም» ትላለች። የአመልካቹ ተግባር እርሷን ማነጋገር ነው።

የተሸመደደ መልስ ይዞ የገባ ወጣት እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራል። አንደኛው፣ ገና የሕክምና ደጃፍ ሳይረግጥ ሐኪም ሆኖ ስለ ኢንሱሊን ማብራራት ይጀምራል። ሁለተኛው፣ እንደ ሙፍቲ ሆኖ ፍርድ ይሰጣል። ሁለቱም ሴትዮዋን አልሰሟትም። ጠያቂው በማስታወሻው ላይ የሚጽፈው አመልካቹ ስለ ስኳር በሽታ የሚያውቀውን አይደለም። ሴትዮዋን አንገቷን ቀና እስክታደርግ ታገሣት ወይ? መጾም ለእርሷ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቃት ወይ? የሚፈራላትን ነገር ሳያስፈራራ ነገራት ወይ? «ይህን እኔ አልወስንም፤ ሐኪምዎና የሚያምኗቸው ዓሊም አብረው ቢመክሩበትስ?» ለማለት ትሕትና ነበረው ወይ? የሚመዘነው ይህ ነው። ይህን ደግሞ ከቃል ጥናት ማግኘት አይቻልም።

«ሕክምናን ለምን መረጥክ?» የሚለው የተለመደ ጥያቄም እንዲሁ ነው። «ሰዎችን መርዳት ስለምፈልግ» የሚለው መልስ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን መምህሩም፣ ነርሷም፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛውም የሚሰጡት መልስ ነው። ጠያቂው ቀጥሎ «እንግዲያው ለምን ነርስ አትሆንም?» ብሎ ሲጠይቅ የተሸመደደው ንግግር ያልቃል። ዝምታው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

የባግዳዱ ፈተና

ሐኪምን በቃል ፈትኖ መለየት ከምዕራባውያን የመጣ አዲስ ነገር የሚመስለው ካለ፣ የራሱን ታሪክ ይመልከት። በ319 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ931፣ በባግዳድ አንድ ሰው በሐኪም ስህተት መሞቱ በኸሊፋው አል-ሙቅተዲር ዘንድ ተሰማ። ኸሊፋውም ሐኪሙ ሲናን ኢብን ሣቢት ፈትኖ ካልፈቀደለት በስተቀር ማንም እንዳያክም አዘዘ። በዚያ ፈተና ከ860 በላይ ሰዎች ማለፋቸውን የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል።

ከእነዚያ ተፈታኞች ስለ አንዱ የሚተረክ ታሪክ አለ። መልካም ልብስ የለበሱ፣ ግርማ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ወደ ሲናን ገቡ። ሲናን አክብሮ አስቀመጣቸው፤ ሌሎቹ ከወጡ በኋላም ከማን እንደተማሩ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ዲናር የተቋጠረበት ወረቀት ከፊቱ አኖሩና ማንበብና መጻፍ በወጉ እንደማይችሉ፣ ነገር ግን ቤተሰብ እንደሚያስተዳድሩ፣ እንጀራቸውን እንዳይቆርጥባቸው ለመኑት። ሲናን ስቆ ፈቀደላቸው፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አኖረ። የማያውቁትን ሕመም እንዳይነኩ፣ ደም ማፍሰስም ሆነ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ማዘዝ ከቀላል ሕመም በስተቀር እንዳይደፍሩ። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሁሉ ከጣፋጭ መጠጦች አልፈው እንደማያውቁ መለሱ። በማግሥቱ አንድ መልከ መልካም ወጣት ቀረበ። ከማን እንደተማረ ሲጠየቅ ከአባቱ መሆኑን ተናገረ፤ አባቱም የትናንቱ ሽማግሌ ነበሩ። ሲናን የአባቱን መንገድ ይከተል እንደሆነ ጠየቀው፤ ወጣቱም እንደሚከተል ሲያረጋግጥለት ከዚያ እንዳያልፍ ብቻ አስጠንቅቆ አሰናበተው።

ይህ ታሪክ ለሣቅ ይተረካል፤ ነገር ግን ሁለት ቁም ነገር ይዟል። የመጀመሪያው፣ ከመልካም ፈታኝ ጥያቄዎች ሁሉ ክብደት ያለው «የት ላይ ትቆማለህ?» የሚለው መሆኑ ነው። የሰው ሕይወት በእጁ የሚገባ ሰው ከዕውቀቱ በፊት የዕውቀቱን ድንበር ማወቅ አለበት። ሁለተኛው ቁም ነገር ግን ለፈታኞች የሚመር ነው። ሽማግሌውን ያሳለፋቸው ችሎታቸው አልነበረም፤ ግርማቸው፣ አለባበሳቸውና የሲናን ርኅራኄ ነው። ከሺሕ ዓመት በፊት የነበረው ይህ ድካም ዛሬም ከቃለ መጠይቅ ክፍል አልወጣም።

ፈታኙም ይሳሳታል

ይህን ሐቅ ለልጆቻችን መንገር ግዴታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ በሂዩስተን የሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት 150 ተማሪዎችን ከመረጠ በኋላ የክልሉ ምክር ቤት 50 ተጨማሪ ተማሪዎች እንዲቀበል አዘዘው። የቀሩት አመልካቾች በቃለ መጠይቁ ዝቅተኛ ደረጃ የተሰጣቸው ነበሩ፤ ከእነርሱ መካከል 50 ገቡ። በ1987 የታተመው ጥናት ሁለቱን ወገኖች ሲያነጻጽር በትምህርታቸውም ሆነ በተግባር ልምምዳቸው የሚታይ ልዩነት አላገኘም። ጠያቂዎቹ «አይሆኑም» ያሏቸው ወጣቶች እንደ ሌሎቹ ሐኪሞች ሆኑ።

ከዚህ የሚከፋም ተፈጽሟል። በለንደን የሚገኘው የሴንት ጆርጅ የሕክምና ትምህርት ቤት ለቃለ መጠይቅ የሚጠሩትን የሚለይ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይጠቀም ነበር። የብሪታንያ የዘር እኩልነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1988 ይፋ ባደረገው ምርመራ ፕሮግራሙ የሴቶችንና አውሮፓዊ ያልሆነ ስም ያላቸውን አመልካቾች ነጥብ ይቀንስ እንደነበር ተረጋገጠ። ማሽኑ አድልዎን ከራሱ አልፈጠረም፤ የተሠራው የቀደሙት መራጮች ያደርጉት የነበረውን እንዲከተል ነውና ከሰዎቹ ወረሰው። ሙሐመድ፣ ፋጡማ፣ ከድጃ የሚባሉ ልጆች ያሉን ወላጆች ይህን ታሪክ በቸልታ ልናልፈው አንችልም።

እንግዲያው ቃለ መጠይቅ ይቅር ማለት ይገባን ይሆን? አይገባንም። ነጥብ ብቻውን የማያሳየው ነገር አለ፤ በታካሚ ፊት ትዕግሥት የሌለው ባለ ከፍተኛ ነጥብ ሐኪም ምን እንደሚያደርስ የታመመ ሁሉ ያውቀዋል። የሚገባው ፈተናው ፍትሐዊ እንዲሆን መጠየቅ ነው። የማክማስተሩ መልክ የተፈለሰፈው ለዚሁ ነው፤ የአንድ ሰው ጥላቻም ሆነ ውዴታ ከአሥር ድምፆች አንዱ ብቻ እንዲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናትም በዚህ መንገድ ተመርጠው የገቡ ተማሪዎች፣ በዚሁ ፈተና ወድቀው በሌላ ትምህርት ቤት ከገቡት ይልቅ በካናዳ የሙያ ፈቃድ ፈተና ላይ የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል። እንግዲህ የምናመለክትበትን ትምህርት ቤት ስንመርጥ ስለ ክፍያውና ስለ ቪዛው እንደምንጠይቅ ሁሉ፣ ስንት ሰው እንደሚፈትን፣ ለሁሉም አመልካች ተመሳሳይ ጥያቄ እንደሚቀርብ፣ ነጥቡ በምን እንደሚሰጥ መጠየቅም ተገቢ ነው። ቃለ መጠይቅ ላላለፈው ልጅ ደግሞ ይህ ይነገረው፦ የተሰጠህ የጥቂት ሰዎች የጥቂት ደቂቃ ግምት ነው፤ በማንነትህ ላይ የተላለፈ ፍርድ አይደለም።

የምንደብቀው ሀብት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በኩዌት ካሉት ወገኖቻችን አብዛኞቹ በቤት ሠራተኝነት የሚደክሙ ሴቶች ናቸው። በአገር ቤት ላለ ወንድም ወይም እህት የትምህርት ክፍያ የሚላከው ከዚህ ላብ ነው። ቤተሰብ መሥርተው እዚህ የሚኖሩትም ቢሆኑ በሹፌርነት፣ በጥበቃ፣ በሱቅና በምግብ ቤት የሚሠሩ ጥቂት አይደሉም። ልጆቻቸው ስለ ቤተሰባቸው ሲጠየቁ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። «እናቴ በግል ሥራ ላይ ናት» ብለው ያልፋሉ። ከዚያም ከኢንተርኔት የተገኘ፣ የሌላ ሰው ሕይወት የሚመስል ንግግር ይጀምራሉ።

ይህ ትልቅ ኪሣራ ነው። እስቲ አስቡት፦ ሙስተውሰፍ በሚባለው የሰፈር ጤና ጣቢያ ከእናቷ ጎን ቆማ፣ አማርኛውን ወደ ዓረብኛ፣ የግብፃዊውን ሐኪም ንግግር ወደ አማርኛ ስትመልስ ያደገች ልጅ ከማንኛውም የዝግጅት መጽሐፍ ያልተጻፈ ነገር ታውቃለች። «ልቤን ይነድደኛል» የምትል እናት ስለ ልቧ ሳይሆን ስለ ጨጓራዋ እየተናገረች ሊሆን እንደሚችል ታውቃለች። እናት በልጇ ፊት ለመናገር የምታፍረው ሕመም እንዳለ፣ በዚህም የተነሣ ልጅ አስተርጓሚ መሆኗ ራሱ ችግር እንዳለበት ታውቃለች። ሐኪሙ ቀና ብሎ ሲያይና ሳያይ በታካሚ ፊት ላይ የሚመጣውን ልዩነት በዓይኗ አይታለች። ይህን በእውነትና በልክ ብትናገር፣ «ሰዎችን መርዳት እፈልጋለሁ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሥጋና ደም ይለብሳል።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ቃለ መጠይቅ ላይ ደግሞ ጸጋውን የደበቀ ሰሚ የለውም። ሆኖም ጥንቃቄ ያሻል። ድህነትን ለማሳዘን መተረክ አንድ ነገር ነው፤ ያዩትን አስተውሎ ትርጉሙን መናገር ሌላ ነው። ጠያቂው የሚፈልገው እንባ አይደለም፤ የሚፈልገው ከዚያ ሕይወት የተገኘውን ትምህርት ነው። እንዲሁም ያዩትን ሕመምተኛ በስም መጥራት፣ የጎረቤትን ሕመም ማውራት አይገባም። ምስጢር መጠበቅ የሐኪም የመጀመሪያ ግዴታ ነውና አመልካቹ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ሊታመን የሚችል መሆኑን ያሳይ።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ወላጆች በመጀመሪያ ልጆቻቸውን ማድመጥ ይልመዱ። በቤታችን ውስጥ ታላቅ ሲናገር ታናሽ ዝም ማለቱ የአደብ ምልክት ነው፤ መልካም ባህል ነው። ነገር ግን በአሥራ ሰባት ዓመቱ በቤቱ ውስጥ «አንተስ ምን ይመስልሃል?» ተብሎ ተጠይቆ የማያውቅ ልጅ፣ ይህን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባዕድ ሰው አፍ በሚሰማ ጊዜ ቢደናገር አይፈረድበትም። ዓይንን ዝቅ ማድረግም በእኛ ዘንድ ክብር ነው፤ በስክሪን ማዶ ላለው ሰው ግን መደበቅ ሊመስለው ይችላል። ልጁ አደቡን መጣል የለበትም፤ ግን ሁለቱን ዓለም ማወቅ አለበት። በእራት ሰዓት ለልጆች ስለሚያዩት ነገር አስተያየት መጠየቅ፣ ሲሳሳቱም ሳይቆጡ ምክንያታቸውን ማስረዘም ከማንኛውም የዝግጅት ክፍያ ይበልጣል።

ማኅበረሰቡም የበኩሉን ያድርግ። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ እ.ኤ.አ. የ2015ቱ ቁጥር 68፣ ሳምንታዊ የዕረፍት ቀንን ደንግጓል፤ ለብዙዎቻችን ይህ ቀን ዓርብ ነው። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ወገኖቻችን የሚገናኙባቸው ቤቶችና አዳራሾች አሉ። በመካከላችን ነርሶች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ፋርማሲስቶችና መምህራን አሉ። በወር አንድ ዓርብ ሁለት ሰዓት ሰጥተው፣ ሦስት ክፍል ወይም ሦስት ወንበር ለይተው፣ ለሚያመለክቱ ልጆች የልምምድ ቃለ መጠይቅ ቢያደርጉላቸው ወጪው አንድ ጀበና ቡና ነው። በኢትዮጵያ ለሚገኙ ወንድምና እህቶቻቸውም በስልክ ሊደረግ ይችላል፤ የኩዌትና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነውና ለቀጠሮ እንኳ አያስቸግርም። በልምምዱ ላይ የሚቀመጡ ሰዎች አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፤ መልስ አያስጠኑ። ልጁ ሸምድዶ የመጣውን ሲናገር «ይህን ያነበብከውን ተወው፤ አንተ ያየኸውን ንገረኝ» ይበሉት።

ለወጣቶቹም አንድ ቃል። ያልገባችሁን ጥያቄ «እባክዎ ይድገሙልኝ» ማለት አያሳፍርም። ለመልሱ ጥቂት ሰከንድ ዝም ብሎ ማሰብ ድክመት አይደለም። «አላውቅም፤ ለማወቅ ግን እንዲህ አደርጋለሁ» ማለት ከተሳሳተ ድፍረት ይልቅ ያስመርጣል። ነገ ከአልጋ ላይ ያለ ሰው ሕይወቱን አምኖ የሚሰጣችሁ ይህን ቃል መናገር የምትችሉ ከሆናችሁ ነውና። ነጥባችሁ ከደጁ አድርሷችኋል። ወደ ውስጥ ስትገቡ ግን በእናታችሁ ድካም ያደገውን፣ በጤና ጣቢያ ወንበር ላይ የታገሠውን፣ በሁለት ቋንቋ መካከል ቆሞ የሰው ሕመም የሰማውን ያንን ሰው ይዛችሁት ግቡ። ጠያቂዎቹ የሚጠብቁት እርሱን ነው፤ ከዓመታት በኋላ በአልጋ ላይ ሆነው የሚጠብቋችሁ ሕሙማንም እርሱን ነው።